አዳራሻችሁን በሳምንት አንድ ቀን ክፈቱልን

ግልጽ ደብዳቤ

ለቤተ እምነቶች የልማት ኮሚሽኖች፣ ለሰበካ ጉባኤያት፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎችና ለአጥቢያ ሽማግሌዎች
ባላችሁበት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

አዲስ ዓመት እየመጣ ነው። የማዕድ ማጋራት ዝግጅቱም በየቦታው ተጀምሯል። ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ ዶሮው፣ ባነሩ እየታዘዘ ነው። ይህን የምታደርጉት ከልባችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። በበዓል ቀን ጾሙን የሚያድር ቤት እንዳይኖር መጨነቅ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚቀበሉትም ከልባቸው ይመርቋችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ሌሎቹ ቀናት ነው። ዱቄቱ ስለሚያልቅበት ሳምንት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ስለሚመዘገቡበት ወር። ጥያቄዬ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ፣ የመድረሳውን ክፍል፣ የጸሎት ቤቱን ሳሎን ለአካባቢው ድሃ ሴቶች የቁጠባ ቡድን ክፈቱ። አብሯቸው የሚቀመጥ አንድ ሰው መድቡ። ያ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ከቦታው አይነሳ።

የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ቦታ። በአንድ በኩል የኮዬ ፈጬ ፎቆች ተደርድረው ይታያሉ። በሌላው በኩል ጥቁሩ አፈር ላይ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በክረምት ግን ከመንደራችን አስፋልት ለመድረስ ጫማን በእጅ ይዞ ጭቃውን መውጣት ነው። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ብትሄዱም ታሪኩ ብዙ አይለይም። የዳርቻው ድህነት ከሩቅ አይታይም። አዲስ አበባ አጠገብ ስለሆነ ሰው ሁሉ የተሻለ የሚኖር ይመስላል። ግን ገቢው የገጠር ነው፣ ዋጋው የከተማ። ኩበት ሸጣ የምታድር እናት ሽንኩርት የምትገዛው በከተማው ዋጋ ነው።

መሬቱ የተወሰደበት ገበሬም አለ። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 ካሳው አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር የሚከፈለው። አዋጅ 1161/2011 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። በወረቀት ሲታይ መሻሻል ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዕድሜ ልኩን ገቢውን በዓመት አንዴ፣ አዝመራ ሲገባ፣ በጎተራ ሲለካ የኖረ ሰው አንድ ቀን ብዙ ገንዘብ በባንክ ደብተር ይገባለታል። ከዚያ ደላላው ይመጣል። ዘመዱ ይመጣል። "አይሱዙ ግዛ"፣ "ባጃጅ ይሻላል"፣ "ለእኔ አበድረኝና በእጥፍ ልመልስልህ" ይሉታል። ሚስቱን ብዙ ጊዜ የሚጠይቃት የለም። ገንዘቡ ሲያልቅ እሱ በቀድሞ እርሻው ላይ በቆመው ሕንፃ ዘበኛ ይሆናል። እሷ እዚያው ፎቅ ላይ ልብስ ታጥባለች። የዳርቻ ነዋሪ ሆኖ ይህን ያላየ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ሰሞን አጠገቡ ተቀምጦ "እስቲ ቀስ በል፣ አብረን እናስላው፣ ባለቤትህንም እንጥራት" የሚለው ሰው ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ቢባል ደግሞ የማንን ቃል ይሰማ ነበር? የንስሐ አባቱን። የመስጊዱን ኢማም። ፓስተሩን። ለእናንተ የምጽፈው ለዚህ ነው።

የቁጠባ ቡድን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በደንብ ልንገራችሁ። ስሙን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ቁጭ ብሎ ስብሰባውን ያየ ግን ጥቂት ነው።

ራስ አገዝ ቡድን ይባላል። አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሴቶች ይሰባሰባሉ። በኑሮ መቀራረባቸው ግድ ነው፤ ባለሱቋና የቀን ሠራተኛዋ አብረው ከተቀመጡ የምትናገረው ባለሱቋ ብቻ ትሆናለች። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሰብሳቢዋ በየሳምንቱ ትቀየራለች። ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በሕይወቷ ሰው ፊት ተናግራ የማታውቅ ሴት ተራዋ ሲደርስ ስብሰባውን መክፈት አለባት። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው። ወራት ካለፉ በኋላ ያቺው ሴት ወረዳ ሄዳ "ቦኖው ለምን ተዘጋ?" ብላ ትጠይቃለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ።

ከጸሎት በኋላ ቁጠባው ይሰበሰባል። መጠኑን የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ልኩም ከመካከላቸው በጣም የቸገራት የምትችለው ነው። ገንዘቡ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይቀመጣል፣ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ያረፈደች ትቀጣለች፤ የቅጣቱን ደንብ ያወጡትም እነሱ ናቸው። ማንበብ የማይችሉት ስለሚበዙ መዝገቡ ይነበባል። እያንዳንዷ ድምሯን በቃሏ ታውቀዋለች። ደብተሩን የምትጽፍላቸው ብዙ ጊዜ የአንዷ ተማሪ ልጅ ናት። ከዚያ ብድር ይጠየቃል። "ለምን ፈለግሽው? በስንት ሳምንት ትመልሺዋለሽ? ባይሸጥልሽስ?" ይባላል። ብድሩ የሚመለሰው ከትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ጋር ነው፤ ክፍያውም የሚገባው የራሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ብድሮች ኢምንት ናቸው። አንዷ ለልጇ ደብተርና እስክርቢቶ ትወስዳለች። ሌላዋ ለመድኃኒት። ንግዱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። አንድ ጆንያ ድንች ገዝታ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጉልት የምትዘረጋ አለች። በኅዳር ድርቆሽ ገዝታ ከምራ፣ ሣር በሚጠፋበት በሚያዝያና በግንቦት ላም ላላቸው የምትሸጥ አለች። አንድ ቡድን ደግሞ ገንዘቡን አሰባስቦ ጤፍ ከአውድማ በሚገባበት ወቅት፣ ዋጋው ቀለል ሲል ገዝቶ አስቀመጠ። ክረምት ገብቶ የሁሉም ጎተራ ሲራቆት ያንኑ ጤፍ ለአባላቱ በመጠነኛ ትርፍ አከፋፈለ። እነዚያ ቤቶች ነሐሴን ያለ ብድር አለፉ። በዳርቻው ነሐሴን ያለ ብድር ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አራጣውን አስቡት። አበዳሪው በወር አሥር በመቶ ቢጠይቅ፣ አንድ ሺህ ብር የተበደረች ሴት በዓመት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ወለድ ትከፍላለች። ዋናው ገና አልተነካም። ልጇ ማታ ስትታመም የምትሮጠው ወደዚህ ሰው ነው ወይስ ወደ ቡድኗ ገንዘብ ያዥ?

ስለ አንድ ክርክርም ልንገራችሁ፤ የሃይማኖት ሰዎች ስለሆናችሁ ይገባችኋል። በአንድ ቡድን ውስጥ አንዲት ባልቴት አረቄ ለማውጣት ብድር ጠየቁ። ሥራቸው ነው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ነው። ሁለት የጴንጤ እምነት ተከታዮችና አንዲት ሙስሊም አባል "የእኛ ገንዘብ ለመጠጥ አይሄድም" አሉ። ባልቴቷ አለቀሱ። አመቻቿ፣ ማለትም ከቡድኑ ጋር እንድትቀመጥ የተመደበችው ሴት፣ አልፈረደችም፤ ዝም ብላ አዳመጠች። ሳምንቱን ሙሉ በየቤቱ ሲወራ ሰነበተና በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺው ሙስሊም አባል ሐሳብ ይዛ መጣች። "እትዬ፣ ለዳቦ ምጣድ ይውሰዱ፤ እኔ መጋገሩን አግዝዎታለሁ፤ አረቄውን ለመተው ግን ማንም አያስገድድዎትም" አለቻቸው። ወሰዱ። ዳቦው ኮንስትራክሽኑ ጋ ለሚውሉ የቀን ሠራተኞች ይሸጣል። አረቄውን ወዲያው አልተዉም፤ እየቀነሱ ነው የሄዱት። ማንም ሰባኪ ያላመጣው ለውጥ ነው። የመጣው በየሳምንቱ አብሮ ከመቀመጥ ነው። ቡድኑ ትክክል ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ይህ አሠራር ከየት መጣ ለምትሉ፣ አገር ውስጥ የቆየ ነው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቲርፈንድ ከተባለ የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ የርዳታ ድርጅት ጋር ሆና፣ ማይራዳ ከተባለ የሕንድ ድርጅት የተገኘውን ልምድ ይዛ በአዳማ ጀመረችው። ያኔ ቡድኖቹ አምስት ነበሩ፤ አባላቱ መቶ ገደማ። ዛሬ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ቡድኖች አሉ፤ ሌሎች ቤተ እምነቶችና ድርጅቶችም ወስደውታል። ቡድኖቹ ሲበዙ ተወካይ እየላኩ የጋራ ኅብረት ይመሠርታሉ። ብቻዋን ቡድን የማትፈታውን ጉዳይ ኅብረቱ ይይዘዋል። አዳማ ከእኛ በመኪና ሩቅ አይደለም። ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

"እኛ ግን የነፍስ ሥራ ነው የተሰጠን" የሚል አባት ይኖር ይሆናል። በአክብሮት አንድ ነገር ላስታውስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ በዕለቱ እደላ መበለቶቻቸው ችላ የተባሉባቸው የግሪክኛ ተናጋሪዎች አጉረመረሙ። ሐዋርያት "ይህ ጉዳይ አይመለከተንም" አላሉም። ሕዝቡን ሰብስበው መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ እጃቸውንም ጭነው ጸለዩላቸው። የተመረጡት ስማቸው ሁሉ የግሪክ ነው። ቅሬታ ያቀረበውን ወገን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ይህ በእኛ ሰፈር በቀጥታ የሚሠራ ነገር ነው። በዳርቻው ያሉ ብዙ ገበሬዎች የሚያስቡትም ገንዘብ የሚቆጥሩትም በአፋን ኦሮሞ ነው። ከመሀል ከተማ የሚላከው ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚያሠለጥነው በአማርኛ ነው፤ ወረቀቱም በአማርኛ ነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ አበላቸውን ይቀበላሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የምትመድቡት ሰው አፋን ኦሮሞ ይቻል። የግድ ዲግሪ አያስፈልገውም።

ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ከቂሣርያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ዳርቻ ላይ ነው ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለድሆች መጠጊያ የሠራው። ባለሙያዎች የሚሠሩበት ቦታም ነበረው። ይህን የምታስተምሩን እናንተው ናችሁ።

ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶች የምታውቁትን ሐዲስም ላንሳ፤ እኔ ስለዚህ ጉዳይ ካነበብኩት ሁሉ በጣም የምወደው ነው። አንድ የመዲና ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ቤትህ ምንም የለም ወይ ተባለ። ግማሹን የምንለብሰው፣ ግማሹን የምናነጥፈው ጨርቅና የውኃ መጠጫ ዕቃ አለ አለ። አስመጧቸውና በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰብህ ምግብ ግዛ፣ በሌላው መጥረቢያ ገዝተህ አምጣ አሉት። እጀታውን በገዛ እጃቸው አስገቡለት። እንጨት እየቆረጥህ ሽጥ፣ ለአሥራ አምስት ቀን እንዳላይህ አሉት። ሰውየው አሥር ዲርሃም አግኝቶ ተመለሰ። እዚህ ውስጥ ያለውን ጥንቃቄ ልብ በሉት። የቤተሰቡ ረሃብ አልተዘለለም። መነሻው እቤቱ ያለው ንብረት ሆነ። እጀታ የሚያስገባለት ሰው አገኘ። ቀጠሮም ተሰጠው፤ የሚጠይቀው አለ ማለት ነው። እኛ ዛሬ ከአራቱ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ባነሩንም በተመለከተ እናንተው የምታስተምሩት ቃል አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሏል። በቁርኣን ሱረቱል ማዑን ውስጥ ለይዩልኝ የሚሠሩ፣ ትንሿን የቤት ዕቃ እንኳ ለጎረቤት የሚከለክሉ ሰጋጆች ወዮላቸው ተብለዋል። አንዲት የሰፈራችን እናት የዘይት ጄሪካን ይዘው ፎቶ ከተነሡ በኋላ ልጃቸው ትምህርት ቤት ተሰድቦ መጣ። ፎቶው ስልክ ለስልክ ዞሮ ነበር። እባካችሁ ካሜራውን እቤት ተዉት።

አገራችን ይህን ነገር ስታስብበት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1972 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽኗን አቋቋመች። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ጄኔቫ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ላከች። ረጂዎች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለስብከቱና ለመሪዎች ማፍራቱ እጃቸውን ማጠራቸውን ተቃወመች። ሰው አንድ ነው፣ ሥጋውንና ነፍሱን ለያይታችሁ አትርዱት ነው ነገሩ። ያን ደብዳቤ ብዙ ፓስተሮች ይጠቅሱታል። ዛሬ ግን ክፍፍሉን ውጭ ያለ ረጂ አይደለም የሚያመጣብን። ልማቱ በመሀል ከተማ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አጥቢያው ደግሞ በቅዳሴና በአምልኮ ብቻ ተወስኗል። ሁለቱ አይተዋወቁም። የልማት ኮሚሽኑ መኪና በአጥቢያው በር አልፎ ወደ ፕሮጀክቱ ይሄዳል።

ፕሮጀክት ካልን ስለ ሦስት ዓመቱ ነገር መናገር አለብኝ። በአመቻችነት የሠራሁበት አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ስሙን አላነሳም። ሦስት ዓመት ተሰጠው። የመጀመሪያው ዓመት በቅጥርና በሥልጠና አለቀ። በሁለተኛው ሴቶቹ እርስ በርስ መተማመን ጀመሩ። በሦስተኛው ገና ብድሩ መዞር ሲጀምር "የማጠናቀቂያ ምዕራፍ" ተባለ። ዕቃው ተቆጠረ፣ ሞተር ብስክሌቱ ተወሰደ፣ ሰሌዳው ብቻ ቀረ። ገንዘቡ ለምን አለቀ ብዬ አይደለም የማዝነው። አጥቢያዎቹ ከመጀመሪያው የጉዳዩ ባለቤት ስላልተደረጉ የሚረከብ አለመገኘቱ ነው የሚያንገበግበኝ። ቡድኖቹ ግማሾቹ ተበተኑ። የተረፉት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ይሰበሰቡ የነበሩት ናቸው። ጥላ ነበራቸው፣ ቀናቸውም አልተነካም።

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከአሥር ሺህ በላይ ድሃ ቤተሰቦችን የተከታተለ ነው፤ ከአጥኚዎቹ ሁለቱ፣ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቤተሰቦቹ የሚያረቡት እንስሳ ወይም ሌላ የሥራ ንብረት፣ ለጊዜው የሚበሉት፣ ሥልጠናና ቁጠባ አገኙ። እቤታቸው እየሄደ የሚጎበኛቸው ሰውም ነበረ። ድጋፉ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እኛ ጋ ግን ፍየል ታድሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በበጋ፣ መኖ በሌለበት። በማግስቱ ገበያ የወጣች ፍየል አይቻለሁ፤ በሴትየዋ ግን አልፈርድም። እቤቷ ዱቄት አልነበረም።

እንግዲህ ጎብኚ የማጣት ችግር የእናንተ አይደለም። የንስሐ አባት ቤት ለቤት ይሄዳል። የሰንበቴ ማኅበርተኛ የቀረውን ሰው "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የሴቶች ጸሎት ኅብረት አራስ ይጠይቃል። ቀበሌው ወረዳ ሆነ፣ ወረዳው ሸገር ከተማ ሥር ገባ፣ ድርጅት መጣ ሄደ። ታቦቱ እዚያው ነው። አዛኑ ይሰማል። ሰው ገንዘቡን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ጎረቤቱን እንዲያምን የሚያስችለው ይኼ መተማመን ነው፤ ማንም ረጂ ገዝቶ ሊያመጣው አይችልም።

"ድሃ ምኑን ይቆጥባል?" የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ድሃው እኮ አሁንም ይቆጥባል። ዕቁብ ይጥላል፣ እድር ይከፍላል፣ ለጽዋ ማኅበር ያዋጣል፣ ስእለት ያስገባል። ለሞት ማዋጣት የቻለ ሰፈር ለኑሮም ማዋጣት ይችላል። ይልቅ ከባዱ ጥያቄ ዋጋ መናሩ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ሃምሳ ሰባት ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ብር ዋጋው ይወርዳል። ሴቶቹ ይህን ከማንኛችንም በላይ ያውቁታል፤ ዘይት የሚገዙት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው ገንዘቡ በየሳምንቱ በብድር መዞር ያለበት። ድንች፣ ድርቆሽ፣ ጤፍ፣ ዶሮ መሆን አለበት። "አጠራቅመን ለዓመት እንካፈል" የሚለውን ቡድን አመቻቹ ቀስ ብሎ ማስረዳት አለበት።

ሁሉም ነገር በቁጠባ ይፈታል እያልኩ አይደለም። አልጋ ላይ የዋሉ አረጋዊ፣ ጧሪ የሌላት ዓይነ ስውር እናት ስጦታ ያስፈልጋቸዋል፤ በበዓል ብቻም አይደለም፣ በየወሩ። ዘካውና አሥራቱ መጀመሪያ ለእነሱ ይድረስ። ቁጠባ መሬት አይመልስም፣ ቧንቧ አያስገባም። ሰው ሆኖ ወረዳ ፊት የመቆም አቅም ግን ይሰጣል፤ ቧንቧውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የምጠይቃችሁን በዝርዝር ልጻፈው፣ በጉባኤያችሁ ላይ ለመነጋገር እንዲመቻችሁ።

የዘንድሮውን የማዕድ ማጋራት ወጪ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ባነሩን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ የእንግዶቹን ምሳ ሳይቀር። አጠገቡ የአንድ አመቻች የዓመት ደመወዝ ጻፉ። አስተያዩዋቸው። ዱቄቱን አትተዉ፤ ሌላውን ቀንሱና አመቻች ቅጠሩ። አመቻቿ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ። እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ የቀን ሥራ ላይ ውላ የምታውቅ ብትሆን ደግሞ ይበልጥ።

ብዙ አጥቢያዎች በአጥራቸው ዙሪያ የሚያከራዩዋቸው ሱቆች አሏቸው። አንዷን ለቡድኖቹ ኅብረት በሚችሉት ዋጋ ስጡ። ድንቹና ዳቦው ዝናብ የማይመታው ቦታ ያግኝ።

ማንንም በእምነቱ አትለዩ። ዱቄት ለማግኘት ሲል ቤተ እምነት የቀየረ ቤተሰብ በሰፈራችን አለ፤ ለሁለቱም ቤተ እምነት ክብር አይደለም። ኦርቶዶክሷ፣ ሙስሊሟና ጴንጤዋ በአንድ ክብ ተቀምጠው አይቻለሁ። እያንዳንዷ በየእምነቷ ጸልያ ትጀምራለች። ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሐሙስ በመድረሳ ክፍል ቢሰበሰቡ ማን ይጎዳል?

ካሳ የሚከፈልበት መንደር ካለ ደግሞ አትዘግዩ። ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ አነጋግሩ። ይህ የፕሮጀክት ገንዘብ አይፈልግም። የሚፈልገው የእናንተን አንድ ከሰዓት ነው።

የልማት ኮሚሽን ኃላፊዎች፣ ለእናንተ የተለየ ጥያቄ አለኝ። በአዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከሃያ በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ይህን እንደምትጠነቀቁበት አውቃለሁ። በዚያው ጥንቃቄ ለአጥቢያዎች ምን ያህል ሥራ እንዳስረከባችሁ ቁጠሩልን። ሪፖርታችሁ ስንት ሰው ሠለጠነ ይላል። ፕሮጀክቱ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስንት ቡድን እየተሰበሰበ እንደሆነም ይናገር። ሰው ልካችሁ አስቆጥሩ። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም አውጡት፤ እኛ ለመማር ነው የምንፈልገው።

ይህን ደብዳቤ በመስከረም የመጀመሪያ ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጉት። አዳራሹ የትኛው ቀን ባዶ እንደሚሆን የሚያውቀው ቁልፍ ያዡ ነው፤ እሱን ጠይቁና ቀኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለጥፉ። ሴቶቹን ለመጥራትና የመጀመሪያዎቹን ስብሰባዎች አብሬ ለመቀመጥ እኔ ዝግጁ ነኝ። በዳርቻው ያሉ ሌሎች የቀድሞ አመቻቾችም እንደማይቀሩ አውቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነዋሪ፣ የቀድሞ የራስ አገዝ ቡድኖች አመቻች